ኮንቴይነሩ ሲነሳ ምን እንደሚያስኬድ እንዴት ልወቅ?

ጥያቄ
ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። የአንድ እህል ነጋዴን የመጋዘን መመዝገቢያ ፕሮግራም ተረክቤያለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የተወው የዶከር ኢሜጁን ብቻ ነው (ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ጋር የታሸገበት፣ ሲነሳ ኮንቴይነር የሚሆነው)፤ ኢሜጁ የተሠራበት መመሪያ፣ ዶከርፋይሉ፣ የለም። ሳስነሳው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ዝም ብሎ ይዘጋል። ውስጡን ልየው ብዬ ከኢሜጁ ስም ቀጥሎ «ባሽ» (ትእዛዝ መጻፊያውን ሼል) ጻፍኩበት። ባሽ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም ብሎኝ ተዘጋ። ትናንት ማታ ባና ተከናንቤ እስከ ስምንት ሰዓት ታገልኩት። ሰውየው ጤፉን በደብተር እየመዘገበ ነው፤ ጨንቆኛል። ሲነሳ የሚያስኬደውን ሳላስነሳው ማየት ይቻላል?

መልስ 1
ይቻላል ወንድሜ። «ዶከር ኢሜጅ ኢንስፔክት» ብለህ የኢሜጁን ስም ስጠው። ብዙ ጽሑፍ ያወርድብሃል፣ አትደንግጥ። «ኮንፊግ» ከሚለው ሥር «ኢንትሪፖይንት» እና «ሲኤምዲ»ን ብቻ ፈልግ፤ የመጀመሪያው ሲነሳ የሚሠራው ትእዛዝ ነው፣ ሁለተኛው ሌላ ካልሰጠኸው አብሮት የሚሄደው። ሁለቱም ካሉ፣ ሲኤምዲው ከኢንትሪፖይንቱ ኋላ ተቀጥሎ አንድ ትእዛዝ ይሆናል። ከኢሜጁ ስም ቀጥለህ የምትጽፈው የሚተካው ሲኤምዲውን ነው፤ ኢንትሪፖይንቱን አይነካውም።

ጠያቂው
አየሁት! ኢንትሪፖይንቱ «ስታርት» የሚባል የሼል ስክሪፕት (ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት ፋይል) ነው፣ ሲኤምዲው «ሰርቭ»። ለካ ሰርቭን አውጥቼ ባሽን ነው ያቀበልኩት። ስክሪፕቱን ግን እንዴት ላንብበው?

መልስ 1
«ዶከር ረን» ካልክ በኋላ ሁለት ጭረት አድርገህ «ኢንትሪፖይንት» በል፣ የፋይል ጽሑፍ የሚያሳየውን «ካት»ን ስጠው። ከዚያ የኢሜጁ ስም፣ ከሱ ኋላ የስክሪፕቱ ሙሉ አድራሻ። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስክሪፕቱ ሳይሠራ ጽሑፉ ይታይሃል።

መልስ 2
ከመሐል ሜዳ ነኝ። ስታነበው የመጨረሻውን መስመር ልብ በል። ፕሮግራሙን የሚያስነሳው «ኤግዜክ» ብሎ (ሼሉን በፕሮግራሙ ተክቶ) ካልሆነ ሼሉ መሃል ላይ ይቀራል፤ «ዶከር ስቶፕ» ስትለው የማቆሚያው ምልክት ፕሮግራሙ ጋ ላይደርስ ይችላል። ዶከር 10 ሰከንድ ጠብቆ በግድ ይገድለዋል። ሰው መዝገብ እያስገባ ሳለ እንዲህ ከሆነ ከባድ ነው።

ጠያቂው
ተነበበ! ስክሪፕቱ የዳታቤዙን አድራሻ ከውጭ ይጠብቃል፤ ካላገኘው ምንም ሳይናገር ይወጣል። «ዶከር ረን» ላይ እንዲህ ያለውን ከውጭ በሚያቀብለው በ«ጭረት ኢ» አድራሻውን ሰጠሁት፣ ተነሳ። መጨረሻው መስመር ላይ «ኤግዜክ» የለም፤ አሁን እሱን እያስገባሁ ነው። ነገ ጠዋት ከሰውየው ጋር ደብተሩ ላይ ያለውን ጤፍ እንገለብጣለን። ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።