«ኢንተለጀንስ» በድሮ ጋዜጣ፦ ወሬ ነው ወይስ ስለላ?

የመቅደላን ዘመቻ የዘገቡ የለንደን ጋዜጣ ገጾችን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1868 ነው። እጄ ላይ 11 ገጽ ፎቶ ኮፒ አለ። አንድ ተራ ቃል ላይ ግን ተቸንክሬ ቀርቻለሁ።

ቃሉ «ኢንተለጀንስ» ነው። ታይምስ ጋዜጣ በዚያን ጊዜ ትኩስ ዜናውን «ሌተስት ኢንተለጀንስ» በሚል ርዕስ ሥር ያወጣ ነበር። መዝገበ ቃላት ስገልጥ «ብልህነት» አለኝ። የስልኬ መተርጎሚያ ደግሞ «የቅርብ ጊዜ ስለላ» ብሎ አረፈው። እኔም አምኜው ሁለት ገጽ ሙሉ በ«ስለላ» ሞላሁት። የነቃሁት «የመርከብ ስለላ» ላይ ስደርስ ነው። ከሥሩ ያለው የትኛው መርከብ የት ወደብ ገባ የሚል ዝርዝር ብቻ! ለካ ቃሉ ያኔ «ወሬ» ማለትም ነበር፤ እኛ «ምን ወሬ አለ?» እንደምንለው።

ርዕሶቹን በዚሁ አስተካከልኩ። ያስቸገረኝ የውስጡ ጽሑፍ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር የራሱ የስለላ ክፍል ነበረው፣ ስሙም ያው «ኢንተለጀንስ» ነው። ለሁለቱም «መረጃ» ብዬ እንዳልገላገል የዘመኑ ለዛ ይጠፋብኛል።

እንግዲህ «ከመቅደላ በኩል ኢንተለጀንስ ደርሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመኝ፣ ተራውን ወሬ ሰላይ ካመጣው ወሬ የምለየው ምን ምልክት አይቼ ነው?