የሊታል ኢንፎርሰርስ ሽጉጥ በፍላት ቴሌቪዥን ላይ ለምን አይመታም?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አሜሪካ በገባሁበት ሰሞን በአርኬድ አዳራሽ ሳንቲም እየከተትኩ እጫወተው የነበረውን፣ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣውን ሊታል ኢንፎርሰርስ የተባለውን የተኩስ ጨዋታ፣ ሴጋ ጀነሲስ ለተባለው የድሮ የቤት ጌም ማሽን የተሠራውን ካርትሪጅ (ጨዋታው ያለበትን ተሰኪ ዕቃ) ጀስቲፋየር ከሚባለው ሰማያዊ የመጫወቻ ሽጉጥ ጋር በቅርቡ ገዛሁ። ጨዋታው ይከፈታል፣ የባንክ ዘራፊዎቹም ይወጣሉ፤ ነገር ግን ምላጩን ብስብ አንድም ጥይት አይመታም። ቴሌቪዥኔ አዲስ ፍላት ነው። ሽጉጡን ለማስጠገን ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መላሽ 1፦
ወንድሜ፣ ሽጉጡ ተበላሽቷል ብለው ለመደምደም አይቸኩሉ፤ እንዳይፈቱትም እለምንዎታለሁ። ጀስቲፋየር ብርሃን ይቀበላል እንጂ ከአፈሙዙ ምንም አያወጣም። ጀርባው ወፍራም የነበረው የድሮ ቴሌቪዥን ምስሉን የሚሥለው በኤሌክትሮን ጨረር ሲሆን፣ ጨረሩ ከላይኛው ግራ ጥግ ተነሥቶ መስመር በመስመር እየጠረገ እስከ ታች ይወርዳል፤ ይህንንም በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይደጋግመዋል። ምላጩ ሲሳብ ጨዋታው ስክሪኑን ለቅጽበት ያበራዋል፤ በአፈሙዙ ውስጥ ያለው መቀበያ ጨረሩ ፊት ለፊቱ ሲያልፍ ያየዋል፤ ማሽኑም በዚያች ቅጽበት ጨረሩ የትኛው መስመር ላይ፣ መስመሩም የቱ ጋ እንደደረሰ ቆጥሮ ያነጣጠሩበትን ቦታ ያውቃል። ፍላት ቴሌቪዥን እንዲህ የሚጠርግ ጨረር የለውም፤ በዚያ ላይ ምስሉን አዘጋጅቶ እስኪያሳይ ይዘገያል። ስለዚህ ሽጉጡ ጤነኛ ቢሆንም የሚጠብቀው ምልክት አይደርሰውም።

መላሽ 2፦
ማብራሪያው ትክክል ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ሲያገኙ ብርሃኑን ከፍ ያድርጉት፤ ስክሪኑ ከጨለመ መቀበያው ይስታል። እስከዚያው በተራው መቆጣጠሪያ መጫወት ይቻላል፣ ምንም እንኳ ጣዕሙ ባይገኝም። በካሜራ የሚሠራው ሲንደን የተባለው አዲስ ሽጉጥ በፍላት ስክሪን ላይ ይመታል፤ ነገር ግን ለኮምፒውተር እንጂ ለጀነሲስዎ አይሆንም።

መላሽ 3፦
ይህ ሽጉጥ ታሪክ ያለው ዕቃ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዙት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 የአሜሪካ ሴኔት ስለ ጌሞች ባደረገው ስብሰባ ላይ ሴናተር ጆሴፍ ሊበርማን ለተሰብሳቢው ያሳዩት ይህንኑ ጀስቲፋየር ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በጌሞች ላይ የዕድሜ ደረጃ መለጠፍ ተጀመረ። ያን ያህል ያስደነገጠው ወንበዴዎቹ ሥዕል ሳይሆኑ የእውነተኛ ሰዎች ፎቶግራፍ በመሆናቸው ይመስለኛል። እኔ ግን ጨዋታውን የምወደው ከሌላው የተኩስ ጨዋታ ሁሉ ይልቅ እጅን መግታት ስለሚጠይቅ ነው፦ ከዘራፊዎቹ መካከል እጁን ያነሣ መንገደኛ ብቅ ሲል የተኮሰ ሰው ሕይወት ይቀነስበታል፤ የመነሻው ሽጉጥ ጥይትም 6 ብቻ በመሆኑ ዝም ብሎ ማርከፍከፍ አይቻልም፤ ሲያልቅ ከስክሪኑ ውጭ ተኩሶ መሙላት ያስፈልጋል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከጎረቤቴ ምድር ቤት የድሮ ቴሌቪዥን ተውሼ ሞከርኩት፤ በመጀመሪያው ጥይት መታ። ለጥገና ያሰብኩትን ገንዘብ ለሁለተኛ ተጫዋች የሚሆነውን ሮዙን ሽጉጥ እገዛበታለሁ።