«ጣና ለሁሉም መጠጊያ ነው» የሚለው መሪ ቃል ማንን ይጨምራል?

የሽምብጥ ልጅ፦ በባሕር ዳር ሐይቅ ዳርቻ ግንብ ላይ ሽማግሌና ወጣት አብረው ይሥሉታል የተባለው ሥዕል መሪ ቃሉ «ጣና ለሁሉም መጠጊያ ነው» መሆኑን ሳነብ ተናደድሁ። ደንገል አጭዶ ታንኳ ሲያስር የኖረው ነገደ ወይጦ ከተማው በሰፋ ቁጥር ከዳርቻው እየተገፋ «ለሁሉም» የሚባለው ማንን ቆጥሮ ነው?

የዘጌ ቡና፦ ወንድሜ፣ ታሪክ ይጠቀስ ከተባለ በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት የተረፉት ወደ ጣና ደሴቶች በመሸሻቸው ነው። ትናንትም፣ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ፣ በመተማ የገቡትን ስደተኞች የተቀበለው ይኸው ክልላችን ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ በ2016 ዓ.ም. ጥቃትና ዝርፊያ በዛብን ብለው በክልላችን ካለው ከአውላላ የስደተኞች ካምፕ በእግራቸው የወጡትን ስደተኞችስ ግንቡ ላይ ይሥሏቸው ይሆን? መጻሕፍቱ መትረፋቸውን መቼ ካድሁ፤ እኔ የጠየቅሁት ስለ ሰው ነው።

መምህርት፦ የጣናው ደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሥርዓቱን አከብራለሁ፣ «ለሁሉም» የሚለውን ግን ግንብ ላይ አልጽፈውም። በሌላዋ የጣና ደሴት የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ባለ ጉዳዩ በሥዕሉ ውስጥ መግባቱ በጣና አዲስ ነገር አይደለም፤ ታንኳ አሳሪዎቹስ የት አሉ?

የዘጌ ቡና፦ መምህርት፣ የገዳም ሥርዓትን ከከተማ ግንብ ጋር ምን አገናኘው? ደግሞም የወይጦ ወጣቶች ለምረቃው ዕለት ጭፈራ ተጠርተዋል።

ባለ ታንኳው፦ ለጭፈራ ተጠርተናል፣ ለብሩሽ ግን የጠራን የለም። ንድፉን አይቼዋለሁ፤ ታንኳው የጣውላ ጀልባ ይመስላል። ደንገሉ በነዶ በነዶ እንደሚታሰር፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና እንደሚል፣ ውኃ ሲጠጣም ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይሥለውም። አባቴ እዚያው ዳርቻ ላይ አለ፤ የሥዕሉ ኮሚቴ ግን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አልጠየቀውም።

የዘጌ ቡና፦ ንድፍ እኮ ይታረማል፤ በአንድ አፍንጫ ምክንያት ሥራው ሁሉ ይፍረስ ነው የምትሉት?

የሽምብጥ ልጅ፦ ይፍረስ ያለ ሰው የለም፣ ጌታዬ። አሁንም ስለ አፍንጫው መለሱ እንጂ «ለሁሉም» ስለሚለው አልመለሱም።