መቀመጫውን መሬት ላይ የሚጎትት ውሻ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ውሻችን ከሰሞኑ መቀመጫውን በሲሚንቶው ላይ ይጎትታል፤ የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታም አምጥቷል። የትል መድኃኒት ብንሰጠውም አልተሻለውም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የፊንጢጣ ከረጢቶቹ የተዘጉ ይመስለኛል። ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚይዙት እነዚህ ትናንሽ ከረጢቶች ሁለት ሲሆኑ፣ ፊንጢጣው እንደ ሰዓት ገጽ ቢታሰብ በ4 እና በ8 ቁጥር ላይ ይገኛሉ፤ ጠንከር ያለ ሰገራ ሲያልፍ ተጭኖ ያፈስሳቸዋል፣ ሰገራው ከላላ ግን ፈሳሹ ተጠራቅሞ ይወፍራል።

መልስ፦ እብጠት፣ ደም ወይም መግል ካዩ እባክዎ በቤት አይጭመቁት፤ ፈሳሹን ጓንት አድርጎ በጣቱ የሚያወጣው የእንስሳት ሐኪም ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር ከዚያ መጠየቅ ይቻላል።

መልስ፦ ጨው የሌለው የተቀቀለ ዱባ ከምግቡ ጋር በጥቂቱ ቢሰጡት ሰገራውን ያስተካክላል። የወጥ ትራፊ ግን ይቅርበት፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።