በካንሰር ቀዶ ሕክምና ውጤት ላይ ስለሚታየው የዘር ልዩነት ለማጠናው ጥናት የትንተና ምክር እፈልጋለሁ

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ በአሜሪካ በጥቁርና በነጭ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች መካከል ያለውን የቀዶ ሕክምና ውጤት ልዩነት እያጠናሁ ሲሆን፣ ትንተናው ላይ ስደርስ መቀጠል ስላቃተኝ ምክራችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መነሻዬ እ.ኤ.አ. በ1999 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት ነው። በሜዲኬር (በዋናነት አረጋውያንን በሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) የታቀፉና በሽታቸው ገና በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ሳለ የተገኘ ታማሚዎችን የተመለከተው ይህ ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና ያገኙት ከነጮቹ 76.7 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ ግን 64 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ ሕክምናውን ካገኙት መካከል ግን በሕይወት የመቆየት ዕድሉ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ እንደነበር አሳይቷል። እኔ መረጃ የሰበሰብኩት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ብቻ ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ሳይደርሱ የቀሩት በሠንጠረዤ ውስጥ አንድም መስመር የላቸውም፤ ይህ እጅግ ያሳስበኛል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የሚከተለው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ የሚከሰተውን ሞት በዕድሜ፣ በካንሰሩ ደረጃና በተጓዳኝ ሕመም ካስተካከልኩ (ማለትም የእነዚህን ተጽዕኖ በስሌት ካስወገድኩ) በኋላ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፤ ሆስፒታሉ በዓመት የሚሠራውን የቀዶ ሕክምና ብዛትና የታማሚውን የመድን ዓይነት ስጨምር ግን ይጠፋል። አማካሪዬ «ልዩነት የለም ብለህ ደምድም» ይሉኛል። እኔ ግን ጥቂት ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራ ሆስፒታል መላክ ራሱ ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ እንጂ ተስተካክሎ የሚታለፍ ነገር አይመስለኝም።

ሁለቱን ሞዴሎች (ሆስፒታሉንና መድኑን ያላካተተውንና ያካተተውን ስሌት) ጎን ለጎን ማቅረብ ይበቃል ወይስ የሆስፒታሉን ድርሻ ለብቻው የሚለካ ትንተና ልሥራ? ቀዶ ሕክምና ያላገኙትንስ ከካንሰር መዝገቡ አውጥቼ እንደገና ብጀምር ይሻላል? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።