ወተት ለማይስማማው ሰው የግመል ወተት ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። የላም ወተት ስጠጣ ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያም ያስቀምጠኛል፤ በጾም ወራት ግን ይህ ሁሉ አይታይብኝም። ሐኪም እንደነገረኝ ችግሩ አለርጂ ሳይሆን ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተሰኘ ኢንዛይም በትንሹ አንጀቴ ውስጥ ማነሱ ነው።

ግራ የገባኝ የወተቶቹ ልዩነት ነው። የፍየል ወተት ይስማማሃል ተብዬ ብሞክረው እንደ ላሙ ነፋኝ፤ በኋላ ሳነብ የላሙ በ100 ግራም 5 ግራም ገደማ፣ የፍየሉም ከ4 ግራም በላይ ላክቶስ አለው። ወተቱን ማፍላትም ስኳሩን አያጠፋውም። በአንጻሩ በደንብ የረጋ እርጎ፣ ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ ከፊሉን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት፣ አንድ ብርጭቆ ብጠጣ እምብዛም አያውከኝም፤ አጓቱ የወጣለት አይብና ንጥር ቅቤማ ምንም አይሉኝም። ማኪያቶ ከምግብ በኋላ ሲሆን ያልፈኛል፣ በባዶ ሆድ ግን ጠዋቴን ያበላሸዋል (እሱን መተው ደግሞ አልሆነልኝም)።

አሁን ከሶማሌ ክልል የመጣ የሥራ ባልደረባዬ የግመል ወተት ሆድ አይነፋም እያለ ይወተውተኛል። ላክቶሱ ከላሙ ብዙም የማይለይ ከሆነ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ወተት የማይስማማችሁና የግመል ወተት የሞከራችሁ ካላችሁ፣ የተስማማችሁ ትኩሱ ነው ወይስ የረጋው፣ በምን ያህል መጠንስ ጀመራችሁ? የሥነ ምግብ ባለሙያ ካለም፣ ወተቱን ብተው ካልሲየሙን በጎመንና በጤፍ ብቻ መሙላት እችል እንደሆነ ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።