በካንሰር ከታመሙ ልጆችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሐኪሞች የሚያደርጉትን ንግግር እንዴት ላጥና?

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የመመረቂያ ጥናቴን ሐኪሞች በካንሰር ከታመሙ ልጆችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር በሚነጋገሩበት መንገድ ላይ ለመሥራት አስቤያለሁ። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴና ከይፋት የሚመጡ ቤተሰቦች ደብረ ብርሃን ከታዩ በኋላ ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ ጥቁር አንበሳ ሲሄዱ አያለሁ፤ በዚህ ሁሉ መሀል ማን ምን እንደ ነገራቸው፣ ልጁስ ምን እንደ ሰማ የሚከታተል ግን አላየሁም። አማካሪዬ መጠይቅ በትኜ እርካታቸውን እንድለካ መክረውኛል፤ እኔ ደግሞ ንግግሩን ራሱን በድምፅ ብቀዳው ይሻላል ባይ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የሕፃናት ክፍል ነርስ
መጠይቁ ብቻውን አይበቃዎትም። ሰዉ ስለ ሐኪሙ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ምንም አልጎደለብንም» ማለቱ አይቀርም፤ ያልገባውን ነገር በዚያ ወረቀት ላይ አያገኙትም። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ የሚያነጋግረው የተማረ የተባለውን አጎት ነው፤ እናት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትቆማለች፣ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ይሰማል። አንዲት ትንሽ ልጅ ሐኪሙ እንደ ወጣ «የእኔስ ፀጉር መቼ ነው የሚረግፈው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ከእኛ ማንም ሳይነግራት ከጎኗ ከተኛችው ልጅ ተረድታለች። ማይራ ብሉቦንድ-ላንግነር የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የደም ካንሰር ከያዛቸው ልጆች መካከል ሆነው ሲያጠኑ ያገኙት ይህንኑ ነው፦ አዋቂዎቹ ቢደብቁም ልጆቹ ያውቁ ነበር። ስለዚህ የልጁን ድርሻ ከጥናትዎ እንዳያስቀሩት።

መልስ፦ አባት፣ መሐል ሜዳ
ልጄ የደም ካንሰር ታማ ታክማለች። ሁላችሁም የምታወሩት ክፉው ወሬ ስለሚነገርበት ቀን ነው፤ እኛ ልንሳሳት የነበረው ግን መልካሙ ወሬ የተነገረን ቀን ነው። ከመጀመሪያው ወር ሕክምና በኋላ «ደሟ ጠርቷል» አሉን። ልጅቱ መብላት ጀምራ፣ ትኩሳቱም ለቋት ስለ ነበር ስለታችንን ልናደርስ ወደ አገራችን ለመመለስ ዕቃችንን ሸከፍን። በሽታው ከዓይን ቢሰወርም እንዳላለቀ፣ መድኃኒቱም ከ2 እስከ 3 ዓመት እንደሚቀጥል ቁጭ ብሎ ያስረዳን አንድ ሐኪም ባይገኝ ኖሮ አንመለስም ነበር። አብረውን ተኝተው የነበሩ፣ ያን ጊዜ ወጥተው የቀሩ አሉ።

መልስ፦ የጤና ተመራማሪ
ወንድማችን የጻፉት የጥናትዎ ማዕከል ቢሆን እመክራለሁ። ባለጸጋ በሆኑ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች አንዱ ሕክምናን ማቋረጥ ነው። የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ትልቁን ድርሻ ሊይዝ ይችላል፤ «ድኗል» ብሎ መሄድ ግን በንግግር የሚስተካከል ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚነገርበትንም፣ ልጁ የተሻለው ጊዜ የሚደረገውንም ንግግር ይቅዱ፤ ከዚያም ከቀናት በኋላ እናትን ለብቻ፣ ልጁንም እንደ ዕድሜው «ምን አሉህ?» ብለው ይጠይቁና ከቅጂው ጋር ያስተያዩት። ከወላጅ ፈቃድ በተጨማሪ የልጁን የራሱን ስምምነት ይጠይቁ። ፈቃዱን የሚቀበለው ሰው ከአካሚዎቹ አንዱ ባይሆን ይመረጣል፤ እንቢ ቢሉ ሕክምናው እንዳይጓደልባቸው የሚሰጉ ቤተሰቦች ለሐኪማቸው እንቢ ማለት ይቸግራቸዋል።